ሳሉ ከብርዱ ነው ወይስ ከማድቤቱ?

«ብርድ መታኝ» የምትል እናት ሳገኝ ቀና ብዬ የማድቤቷን ጣሪያ አያለሁ። ቆርቆሮው ጥላሸት ከለበሰ ብርዱን ለጊዜው እንተወው።

ጠዋት ጠዋት አክታ ያለው ሳል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር

ሲጋራ ነክታ የማታውቅ ሴት ላይ ይህ ለዓመታት ከቆየ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጭሱን ነው። እርጥብ ባህር ዛፍ፣ ቅጠል፣ ኩበት፤ ሁሉም ሦስት ጉልቻ ላይ። ምጣዱ እስኪሰማ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች። እፍ ካለች በኋላ መልሳ የምትስበው ያንኑ ጭስ ነው። ብናኙ የአየር ቧንቧውን እያቆሰለ ያጠበዋል፤ አንዴ ከጠበበ እንደ ድሮው አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ገምቷል።

እናት ስትደክም ምጣዱን የምትረከበው ትልቋ ልጅ ናት። የእንጀራ ቀን ከትምህርት ትቀራለች፣ ጭሱንም ትወርሳለች።

ምን ይደረግ? እንጨቱን አስቀድሞ ማድረቅ። ጣሪያው ሥር ጭስ መውጫ መክፈት። ልጅ አዝሎ አለመጋገር። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ዙሪያውን ዝግ ስለሆነ እንጨቱንም ጭሱንም ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉም ይሻላል፤ መብራት ባለበት ቀን ማለቴ ነው። የጀመረው የትንፋሽ ማጠር ግን ሐኪም ይየው።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት

ቲቢ ሊሆን ይችላል። መንግሥት ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ ማስመርመር ነው፤ መድኃኒቱም በነጻ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። አንዳንዱ ሰው በሁለተኛው ወር «ተሻለኝ» ብሎ ሲያቋርጥ በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ሌላው ችግር መደበቅ ነው፤ ጎረቤት ስኒ ይለይብኛል ብሎ ቤት የሚውል አለ። ቲቢ ግን በስኒ አይተላለፍም፣ በትንፋሽ ነው።

ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ልጅ

ልብሱን ገለጥ አድርጎ ደረቱን እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ የሳንባ ምች ይጠረጠራል። ማር በሎሚ የሚሞከርበት ሰዓት አይደለም፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ።

ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ሲያመው

ቤት ውስጥ ከሰል ካለ ጉንፋን ነው አትበሉ፣ መጀመሪያ ከሰሉን ጠርጥሩ። «ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» ተብሎ ማንደጃው መኝታ ቤት ይገባል። ከፍሙ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በር መክፈት፣ ሰዎቹን ደጅ ማውጣት፣ ማንደጃውንም ማውጣት፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ወተት አያወጣውም።