ሳነቴን በብስክሌት፦ ከጎባ ተነስቶ ሪራ ለመድረስ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ ከዚያ ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለው የሳነቴ አምባ ይወጣና በሌላው በኩል በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። መንገዱ ለብስክሌት ይመቻል። ብዙ ሰው ጉዞውን የሚያቋርጠው እግሩ ደክሞ ሳይሆን ከፍታው ስለሚጥለው ነው፤ ስለዚህ ዝግጅቱም ከዚያ ይጀምራል።

ወቅቱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ደረቅ ወራት ይመረጣሉ። ቀኑ ብሩህ ነው፤ ሌሊቱ ግን አምባው ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በክረምት ጭቃው ጎማና ፍሬን መሃል ተጠቅጥቆ ብስክሌቱን ያስቆማል፤ ጭጋጉ ደግሞ መንገዱን ይሸፍናል።

ፈቃድ። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው። መግቢያውን ይክፈሉ፣ በብስክሌት እንደሚሄዱ ይናገሩ፣ አስጎብኚ ይያዙ፣ የመንገዱንና የአካባቢውን የወቅቱን ሁኔታ ይጠይቁ። ደረሰኙን አይጣሉት፤ መንገድ ላይ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ብስክሌቱን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚጭኑ ከሆነ ፔዳሎቹን አስቀድመው ይፍቱ። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ይፈታል። የግራው ግን ጥርሱ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ወደ ቀኝ ካልዞረ አይፈታም፤ ይህን ሳያውቅ በጉልበት የሚታገል ሰው ጥርሱን ይበላዋል። የኋላ ማርሽ መቀየሪያውን በጨርቅ ጠቅልለው ያ ጎን ወደ ላይ እንዲሆን አስተኙት።

ከፍታውን መልመድ። ከጉዞው በፊት ቢያንስ 2 ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ ይደሩ። በመጀመሪያው ቀን ዲንሾ አጠገብ ባለው የገይሳይ ሜዳ ዳር ቀስ ብለው ይንዱ። አስፋልቱ ሜዳውን ታክኮ ያልፋል፤ የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ሳይወርዱ ይታያል። 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረዎት ከዚያ በላይ አይውጡ፤ ካልተሻለዎት ይውረዱ። እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ መቀባዠር ወይም ተቀምጠውም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ ያስፈልጋል። እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ብስክሌቱ። ጎማው 2.1 ኢንች ወይም ከዚያ የሰፋ ይሁን። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. አየር ይበቃል። በጣም ሲወጠር ጠጠሩ ላይ ይዘላል፤ ሲላላ ደግሞ ድንጋይ ሲመታው የውስጥ ጎማው (ከመነዳሪው) ከቸርኬው ጋር ተጨፍልቆ በሁለት ቦታ ይበሳል። የፊቱ ትንሹ ማርሽ 22 ጥርስ ከሆነ የኋላው ትልቁ 34 ቢሆን ዳገቱን ያስችልዎታል። 2 ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽና ልጣፊ፣ ፓምፕ፣ የሰንሰለት መፍቻና አዲስ የፍሬን ሸራ ይያዙ።

ስንቅ። ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ፤ ከምንጭ ከቀዱ ሳያክሙ አይጠጡ። ጩኮ፣ በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ ብርዱ አይጎዳውም፣ ቶሎም ኃይል ይሰጣል። ጓንት፣ የጸሐይ ቅባትና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት አይርሱ።

የጉዞው ቀን። ከጎባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሱ። ወደ 1,300 ሜትር የሚጠጋ ዳገት ይጠብቅዎታል፤ ጠንካራ ነጂም 4 ወይም 5 ሰዓት ቢፈጅበት አይደንቅም። እየነዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ አምባው ጫፍ ላይ መውረድ ይሻላል፤ ጉልበትዎ ጅብራው መሃል ለሚነዱት መንገድ ይተርፍልዎታል። ከሰዓት በኋላ ደመናና በረዶ የተለመደ ስለሆነ ከ8 ሰዓት በፊት አምባውን ይልቀቁ። 4,377 ሜትር ወዳለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ የሚገነጠለውን መንገድ የሚሞክሩት ገና ጠዋት ከሆነና ራስዎን ካላመመዎት ብቻ ነው።

ከመንገዱ ፈጽሞ አይውጡ። ሣሩ ስር ያለው መሬት በፍልፈል ጉድጓድ የተሞላ ነው፤ ፍልፈሏ ደግሞ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ናት። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡትም እዚሁ ባሌ ይኖራሉ። ብስክሌት ድምፅ ስለሌለው ሳያስቡት አጠገባቸው ሊደርሱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ፍሬን ይያዙ፣ አንድ እግር መሬት ያድርጉ፣ ዝም ብለው ይመልከቱ። ቀበሮዋ አደኗን ትታ ቀና ካለች ቀርበዋታል ማለት ነው።

የእረኞች ውሾች ግን ብስክሌት ያሳድዳሉ። ለማምለጥ አይሞክሩ። ይውረዱ፣ ብስክሌቱን በእርስዎና በውሻው መሃል ያድርጉ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ ይበሉ፤ አብዛኛው ውሻ ያን ጊዜ ይሸሻል። የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹንም ደጋግሞ የፈጀ የአካባቢው ችግር ነው። ከተነከሱ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥበው የዚያኑ ቀን ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም ይሂዱ።

ቁልቁለቱ። ወደ ሪራ ከመውረድዎ በፊት ቆመው ጃኬትና ጓንት ይልበሱ፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ አይጭኑ፣ ይግላል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ከመታጠፊያው በፊት በሁለቱም ጠበቅ አድርገው ያብርዱና መታጠፊያው ላይ ይልቀቁት። ከወዲያ የሚመጣ አይሱዙ መሃል መንገድ ይዞ ሊወጣ ስለሚችል ቀኝዎን ይያዙ።

ከሪራ በታች ያለው የሐረና ጫካ አንበሳና ነብር የሚኖሩበት ነው። ሪራ ይደሩ፣ ጫካውን ጸሐይ ከወጣች በኋላ ከአስጎብኚ ጋር ይግቡ።