ለአዛውንት እግር የሚመች መንገድ፦ ሰውየውንም ሰፈሩንም መለካት

አዛውንቶች ከቤት መውጣት የሚተዉት ሁልጊዜ ጉልበታቸው አልቆ አይደለም። ደጃፍ ላይ ያለው ቦይ ያስፈራቸዋል፤ ክረምቱን ተቀምጠው ያሳልፋሉ፤ መስከረም ሲጠባ ጭናቸው ሟሽሾ ከዱካ ለመነሳት ሰው ይጣራሉ። ነገሩ በሁለት በኩል ይሠራል። ምቹ ሰፈር እግርን ያበረታል፤ እግሩ የበረታም ነው አዘውትሮ የሚወጣው። ስለዚህ ሁለቱንም ለኩ።

መጀመሪያ ሰውየውን። ደልዳላ መሬት ላይ 4 ሜትር ለክታችሁ ጫፍና ጫፉን ምልክት አድርጉ። በለመዱት አረማመድ ይሂዱ፣ እናንተ በስልክ ሰዓት ያዙ። 5 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀ፣ ማለትም በሰከንድ 0.8 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ አቅማቸው ቀንሷል። ቀጥሎ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ወንበር ግድግዳ አስጠግታችሁ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው 5 ጊዜ ብድግ ቁጭ ይበሉ፤ አጠገባቸው ቁሙ። ከ15 ሰከንድ ካለፈ ጭናቸው ደክሟል። በዱካ አትለኩ፤ ዝቅ ስለሚል ጤነኛውንም ያስቸግራል።

የአረማመዱ ፍጥነት አስፋልት ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። 7 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በሰከንድ 0.8 ሜትር ለመሻገር 9 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ባጃጅ ደግሞ በ9 ሰከንድ 100 ሜትር ይመጣል። እንግዲህ 100 ሜትሩን ለክታችሁ እዚያ ያለውን ሱቅ ወይም ዛፍ አሳዩአቸው፤ ባጃጁ ከዚያ ወዲህ ከሆነ ያሳልፉት።

ከዚያ መንገዱን። ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ዕድር የሚሄዱበትን በእነሱ እርምጃ አብራችሁ ሂዱ፤ የዝናብ ማግስት ቢሆን ጉድለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከሁሉ የሚያሳስበን የቦይ መሻገሪያ ነው። ሁለት ሦስት የባሕር ዛፍ አጣና ይጋደምና «ድልድይ» ይባላል። አጣናው ክብ ስለሆነ ይንከባለላል፤ ቅርፊቱ ሲረጥብ ደግሞ እየተላቀቀ ከእግር ጋር ይንሸራተታል። ቅርፊቱን ላጡ፣ አጣናዎቹን ጫፍና ጫፋቸው ላይ በአግድም እንጨት በሚስማር እሰሩ፣ ከላይ ጣውላ ምቱ፤ ስፋቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ጣውላው ላይ ወንፊት ሽቦ ወጥራችሁ ብትቸነክሩ በዝናብም እግር ይይዛል። በአንድ ወገን በዳሌ ቁመት የእጅ መያዣ አቁሙ።

ኮብልስቶን ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው፦ ጎርፉ በመካከል ያለውን አሸዋ ያጥበዋል፣ ድንጋዩ ላልቶ ሲረገጥ ይወዛወዛል። ነቅላችሁ ከሥሩ አሸዋ ሙሉ፣ መልሳችሁ በመዶሻ ምቱ፣ ክፍተቱንም ድፈኑ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ማረፊያ በየ100 ሜትሩ ይኑር፣ ዳገት ላይ ቀረብ ቀረብ ይበል። ጎረቤት በአጥሩ ሥር 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ ቢሠራ ይበቃል። ደብረ ማርቆስን በመሰለ ዳገታማ ከተማ ሰው የሚፈራው አቀበቱን ነው፤ ለመውደቅ ግን ቁልቁለቱ ይብሳል፣ በተለይ ከገበያ መልስ ዕቃ ከተያዘ። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ መሄዱ ይቀላል፤ ጭን ግን ሥራ ስለሚያንሰው የወንበሩን ብድግ ቁጭ በሳምንት 3 ቀን ጨምሩበት።

መቋሚያ ለቅዳሴ ነው፣ ለመንገድ ይረዝማል። ከዘራው ቆመው እጃቸውን ሲያወርዱ እጀታው የእጅ አንጓቸው ላይ ይድረስ፤ የሚያመው ቀኝ እግር ከሆነ በግራ እጅ ይያዝ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዛውንቶችም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ብዙ ለተቀመጠ ሰው በቀን 10 ደቂቃ ጀምሩ፣ ሳምንት በሳምንት 5 ደቂቃ ጨምሩ። ደረት ከወጋ፣ ራስ ካዞረ፣ ወይም በሄዱ ቁጥር ባት ይዞ ሲያርፉ የሚለቅ ከሆነ አቁመው ጤና ጣቢያ ይታዩ።