የልጅዎ ብሬስ በኢንሹራንስ እንዲሸፈን፦ ከእምቢታ ደብዳቤ እስከ ስቴት ምክር ቤት

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከኢንሹራንስ የመጣ ፖስታ ይዛ መጣች። «እስቲ አንብብልኝ ወንድሜ፣ እምቢ ነው ያሉት አይደል?» አለችኝ። እምቢ ነበር። ልጇ አፉን ሲገጥም የታች ጥርሶቹ ላንቃው ላይ ያርፋሉ፤ ባረፉበት ቦታ ሁለት ቀያይ ቁስሎች አሉ። ደብዳቤው ግን ብሬሱ፣ ማለትም ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ፣ «ለጤና አስፈላጊ አይደለም» ይላል። ልትጥለው ነበር። እባክዎ እርስዎ አይጣሉት! ያ ወረቀት ለአፒልም (ለይግባኝ)፣ ሕጉን ለማስቀየርም ዋናው ማስረጃዎ ነው። አሜሪካ ለምትኖሩ ወላጆች መንገዱን በሜሪላንድ ምሳሌ ላሳይ።

1. መጀመሪያ ኢንሹራንስዎ በየትኛው ሕግ እንደሚተዳደር ይለዩ።

ሜዲኬይድ (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ከሆነ፣ ከ1989 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ስቴቶች ከ21 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለጤና አስፈላጊ የሆነውን ሕክምና ሁሉ እንዲሸፍኑ ያዛል። ብሬስም ለውበት ሳይሆን ለጤና ሲሆን እዚህ ውስጥ ይገባል። በግል የገዙት ኢንሹራንስ ከሆነ የስቴቱ ሕግ ይመለከተዋል። ብዙ ሰው የሚደናገረው በሦስተኛው ላይ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሠራተኞቻቸውን ሕክምና ከራሳቸው ካዝና ይከፍላሉ፤ ካርዱ ላይ ስሙ ያለው ካምፓኒ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። በ1974ቱ ኤሪሳ በተባለው የፌዴራል ሕግ ምክንያት የስቴት ሕግ እነዚህን ፕላኖች አያስገድድም። ስለዚህ የሥራ ቦታዎን ኤችአር (የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል) «ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ፣ ማለትም ድርጅቱ ራሱ የሚከፍልበት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አዎ ካሉ ጥያቄዎን ለአሠሪዎ ወይም ለኮንግረስ ተወካይዎ ያቅርቡ እንጂ በስቴቱ ምክር ቤት አይድከሙ።

2. የነጥብ ወረቀቱን ይጠይቁ።

ብዙ ስቴቶች ሜዲኬይድ ለብሬስ እንዲከፍል ኤችኤልዲ የሚባል መለኪያ ይጠቀማሉ። ሐኪሙ ማስመሪያ ይዞ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ስንት ሚሊሜትር እንደወጣ፣ ምን ያህል እንደተጣበበ እየለካ ነጥብ ይሰጣል። ሜሪላንድ 15 ነጥብ ትጠይቃለች፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ በራሷ በተሻሻለ ቅጽ 26። ሁለቱ ቅጾች አንድ ባይሆኑም የልጅዎ ዕድል በሚኖሩበት ስቴት እንደሚወሰን ልብ ይበሉ። በካሊፎርኒያ የላንቃ መሰንጠቅ፣ ከ9 ሚሊሜትር በላይ የወጣ ጥርስ፣ ወይም ላንቃን የሚያቆስል ንክሻ ካለ ነጥብ መቁጠር እንኳ አያስፈልግም። የዚያች እናት ልጅ ችግር ይኸው ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ስለ ቁስሉ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

3. አፒል ይበሉ። የመጨረሻው ቀን ደብዳቤው ላይ አለ። ሐኪሙ ልጁ ማኘክ ወይም መናገር እንዴት እንደሚቸገር እንዲጽፍልዎ ያድርጉ፤ የቁስሉን ፎቶም አያይዙ። ነጥቡ ባይሞላም ለጤና አስፈላጊነቱን በማስረዳት እንዲታይልዎ መጠየቅ ይቻላል።

4. ሕጉ የቱ ጋ መቀየር እንዳለበት አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ።

ለብሬስ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ነጥብ ብዙውን ጊዜ ያለው በጤና ቢሮው ደንብ ውስጥ ነው፤ ምክር ቤቱ ቢሮውን በሕግ ሊያዝ ይችላል። የግል ኢንሹራንስን በተመለከተ ካሊፎርኒያ በ2009 ያወጣችው ሕግ ጥሩ አርአያ ነው፦ ከጁላይ 2010 ጀምሮ የላንቃ መሰንጠቅ ላለባቸው፣ ከቀዶ ሕክምናው ጋር የተያያዘው የጥርስ ማስተካከል ሥራ እንዲሸፈን አስገድዷል። ሌላው ችግር ክፍያ ነው፤ ሜዲኬይድ ለሐኪሞች የሚከፍለው ሲያንስ ካርድዎን የሚቀበል ኦርቶዶንቲስት (ጥርስ የሚያስተካክል ሐኪም) አያገኙም።

በሕግ ለውጥ አይመጣም የሚል ካለ ሜሪላንድን ይይ። በ2007 በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የ12 ዓመት ልጅ ከታመመ ጥርሱ የተነሳው ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ሕይወቱ አለፈ። ያ ሐዘን የስቴቱን የልጆች ጥርስ ሕክምና ከሥሩ አስቀየረ። በ2022 በወጣ ሕግ ደግሞ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሜዲኬይድ ያላቸው አዋቂዎችም የጥርስ ሽፋን አገኙ።

5. ተወካይዎን በጊዜ ያግኙ።

ሜሪላንድ 47 ሴናተሮችና 141 ዴሌጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት) አሏት፤ አድራሻዎን በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡ የእርስዎ የትኞቹ እንደሆኑ ይነግርዎታል። ጉባኤው በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ተጀምሮ 90 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ረቂቅ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ስለሆነ በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር ይሂዱ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ልጁ፣ ነጥቡ፣ እምቢታው፣ እንዲቀየር የሚፈልጉት። ዜግነት አያስፈልግም፤ ግሪን ካርድ ያለውም ገና በሂደት ላይ ያለውም መናገር ይችላል።

6. ረቂቁ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ይመስክሩ።

ምዝገባው በድረ ገጹ ነው። ለመናገር የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሰዓት ይዘው ይለማመዱ። ከ«ክቡራን» ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርዎ ስለ ልጅዎ ይሁን። እንግሊዝኛ ከከበደዎ በጽሑፍ ያስገቡ፤ ጽሑፉ ለሕዝብ ክፍት ስለሚሆን የልጁን ስምና የካርድ ቁጥር ያጥፉ። እያንዳንዱ ረቂቅ ስንት ብር እንደሚያስወጣ የሚያሳይ ሰነድ ይወጣለታል፤ አስቀድመው ያንብቡት፣ አባላቱ የሚጠይቁት ከእሱ ነውና።

በኤፕሪል ካላለፈ በሜሪላንድ ረቂቁ ወደ ቀጣዩ ዓመት አይተላለፍም፣ እንደ አዲስ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ያቀረበውን ተወካይ ቢሮ ስልክ ይያዙ፣ በሴፕቴምበር ይደውሉ፣ ሌላ እምቢ የተባለ ቤተሰብ ካገኙም ደብዳቤውን ይዞ አብሮዎት እንዲሄድ ይጠይቁት።