የዶሮ ኩስ ከተጨመረ በኋላ ችግኝ ሲነጣና ሲቀጭጭ

በጣና ዳር የመስኖ ማሳ ላይ ሰላጣ ወይም ጥቅል ጎመን ሲገረጣ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ዩሪያ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ችግኝ ከነአፈሩ ነቅለው ሥሩን አጥበው ይዩት።

የቅጠሉ ጫፍ ከተቃጠለ፣ አፈሩ ላይ ነጭ ጨው ከወጣ ወይም ኩሱ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለው፣ ጥፋቱ የአሞኒያና የጨው ነው። ትኩስ ኩስ በአብዛኛው የሚጎዳው በዚህ ነው፤ ለዶሮዎቹ የተሰጠውን መድኃኒት ለመጠርጠር አይቸኩሉ። ኩሱን ማቆምና በደንብ ማጠጣት ይበቃል።

አዲሱ ቅጠል ነጥቶ፣ ዋናው ሥር አጥሮ፣ የጎን ሥሮች ከሳሱ ግን ዶሮዎቹ ምን መድኃኒት ወስደው እንደነበር አርቢውን ይጠይቁ። (የብረት እጥረት ቢሆን የቅጠሉ ደም ሥር አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል።) ከቴትራሳይክሊን ወገን የሆነው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ኦክሲቴትራሳይክሊን አብዛኛው ሳይለወጥ ከኩስ ጋር ይወጣል። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፕላስት ፕሮቲን የሚሠራበት ክፍል ከባክቴሪያ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ባክቴሪያን የሚያግደው መድኃኒት እሱንም ያግዳል። ሌላው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሰልፋ ደግሞ ተክሉ ለማደግ የሚያስፈልገው ፎሌት የተባለ ቫይታሚን እንዳይሠራ ስለሚከለክል ሥሩን ያሳጥራል። በባህር ሸሽ (የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ በሚገለጠው) መሬት ላይ ሽምብራ ወይም ጓያ ከሆነ የተዘራው፣ የሥሩን ዕብጠት ሰንጥቀው ይዩ፤ ውስጡ ሮዝ ካልሆነ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ አይደለም።

መሞከሪያው ፌጦ ነው። አንድ ኩባያ ኩስ በ10 ኩባያ ውሃ በጥብጠው አሳድረው በጨርቅ ያጥልሉ። በሁለት ሳህን ላይ ለስላሳ ወረቀት አንጥፈው 20፣ 20 ፍሬ ይዝሩ፤ አንዱን በጠለለው፣ ሌላውን በንጹህ ውሃ አርሰው ከድነው 3 ቀን ጨለማ ውስጥ ያቆዩ። የበቀለውን ፍሬ መቁጠር ብቻውን ያሳስታል፤ ፍሬ በራሱ ስንቅ ስለሚበቅል መድኃኒት ቢኖርም ሊበቅል ይችላል። የሚለካው ሥሩ ነው። ከንጹህ ውሃው ሥር ግማሽ ካልደረሰ ያ ኩስ ማሳ አይግባ። ፌጦው ግን መርዝ መኖሩን እንጂ ዓይነቱን አይናገርም።

ለአንድ እጅ ኩስ ሁለት ሦስት እጅ ጭድ ቀላቅለው፣ ሲጨመቅ ጠብ ጠብ እስኪል ብቻ አርጥበው፣ 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው ክምር ይሥሩ። ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ መሞቅ አለበት፤ ሲበርድ ያገላብጡት። ሙቀቱ ቴትራሳይክሊንንና ሰልፋን በብዛት ይሰብራል። ሌላው የዶሮ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ኢንሮፍሎክሳሲን ግን ብስባሽ ውስጥም ይቆያል፤ እሱን የወሰዱ ዶሮዎች ኩስ ለብቻው ተለይቶ ከአትክልት ማሳ ይራቅ፣ ሐይቁ ዳርም አይጣል።

ማሳው አስቀድሞ ከተበከለ በውሃ አጥባለሁ ማለት አያዋጣም፦ ቴትራሳይክሊን ከዋልካ አፈር ጋር ይጣበቃል፣ ሰልፋ ደግሞ ከውሃው ጋር ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። የበሰለ ብስባሽ ጨምረው፣ ፌጦው በማሳው አፈር ላይ ደህና ሥር እስኪያወጣ ድረስ ጥሬ የሚበላ ቅጠል አይዝሩበት።