አልነሳ ያለች ባለ ድርብ ክንፍ፦ ኮምቦልቻ ላይ ሞተሩን ከመፍታትዎ በፊት

ምልክት፦ በቤት የተሠራችው አውሮፕላን ማኮብኮቢያውን ልትጨርስ ትደርሳለች፤ ብትነሳም ከፍታ አትጨምርም። ታኮሜትሩ (የሞተሩ ዙር መቁጠሪያ) ግን ደህና ዙር ያሳያል።

ምክንያት፦ አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ነው። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲገባ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ክንፉም ሞተሩም 2,800 ሜትር አካባቢ ያሉ ያህል ይሆናሉ። ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ 65 የፈረስ ጉልበት የተባለለት ከ50 በታች ይወርዳል። ፕሮፔለሩም የሚቀዝፈው ስስ አየር ስለሆነ ሸክሙ በዚያው ልክ ይቀለዋል። ዙሩ ሳይወርድ ግፊቱ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

መፍትሄ፦ አውሮፕላኗን አስረው ሙሉ ቤንዚን ይስጡ። ዙሩ ሠሪው ከጻፈው ብዙ ካነሰ ካንዴላ ይፍቱ፤ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ በዝቷል። በሚክስቸሩ (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያው) ነዳጁን ያሳንሱ፤ ማስተካከያ ከሌለው ጂግለሩን (የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳውን) በአነስተኛ ይቀይሩ። ዙሩ ደህና ከሆነ ደግሞ ወደ ፕሮፔለሩ ይሂዱ። መሬት ላይ የሚስተካከል ዓይነት ከሆነ የምላጮቹን ዘዌ በአንድ ዲግሪ ቀንሰው ይሞክሩ። በአግድም በረራ ሙሉ ቤንዚን ተሰጥቶ ዙሩ በታኮሜትሩ ላይ ያለውን ቀይ መስመር ካለፈ ግን ዘዌውን ከመጠን በላይ ቀንሰዋል ማለት ነው። በረራውንም ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያድርጉት፤ ከቀትር በረራ ጋር አይወዳደርም።

ትልቅ ሞተር መግጠም የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ እኔ መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ክብደቱ ከፊት ስለሚጨምር ሚዛኑ እንደገና ይሰላል፣ መሸከሚያው ይቀየራል፣ የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድም እንደገና መታየት አለበት።

ምልክት፦ ለማረፍ ሲቃረቡ መሬቱ በጣም እየፈጠነ ይመጣል።

እውነት ነው፣ ይፈጥናል። በዚህ አየር ትክክለኛው ፍጥነት የፍጥነት ሰዓቱ ከሚያሳየው 15 በመቶ ያህል ይበልጣል። መፍትሄው ዓይንን ሳይሆን የፍጥነት ሰዓቱን ማመን ነው። ድርብ ክንፍና የሽቦው ብዛት አየሩን ስለሚጎትቱ፣ ቤንዚን ሲቀነስ ፍጥነቱ ወዲያው ይረግፋል፤ "ፈጠነች" ብሎ አፍንጫዋን ያነሳ ሰው ክንፉ ከመሬት በላይ ይከዳዋል።

ምልክት፦ በክረምት፣ ከደሴ በኩል ሐርጎን አልፎ ቤንዚን ቀንሶ ሲወረድ ዙሩ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ሞተሩም ይንተፋተፋል።

ካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ክፍል) ውስጥ በረዶ ተጋግሯል። ውጪው 15 ዲግሪ ቢሆንም እርጥበት ካለ ይጋገራል። የካርቡሬተሩን ማሞቂያ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። መጀመሪያ ሞተሩ ይብስበታል፤ በረዶው ቀልጦ እስኪያልፍ ነውና ደንግጠው አይዝጉት።

ምልክት፦ መሪ ዱላው ሲለቀቅ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች።

መጀመሪያ የነዳጁን ሚዛን፣ ቀጥሎ ሽቦዎቹን ይመልከቱ። የግራና የቀኝ ክንፎችን ዘዌ ለክተው፣ የሚለያየውን በሽቦው መወጠሪያ ግማሽ ዙር ብቻ ያስተካክሉና መወጠሪያውን በማሰሪያ ሽቦ ይሰሩት።