በባለ ቁልፍ ስልክ የቴሌብር ክፍያ እንዴት መቀበል ይቻላል? ለጉሊትና ለጀበና ቡና ነጋዴዎች

ቡናውን ጠጥቶ ሲያበቃ «ቴሌብር አላችሁ?» የሚል ደንበኛ ዛሬ በየመንደሩ አለ። የለንም ካላችሁት ወይ ዱቤ ይሆናል፣ ወይ በሌላ ቀን ሌላ ጋ ይጠጣል። ደግነቱ ክፍያውን ለመቀበል ስማርት ስልክም ዳታም አያስፈልግም።

መጀመሪያ ሲም ካርዱን አጣሩ። በራሳችሁ ስም የወጣ ይሁን። በዘመድ ስም በወጣ ሲም ገንዘብ መሰብሰብ ኋላ ጣጣ አለው። ከቻላችሁ ለሥራ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ሲም አውጡ፤ ብዙ ርካሽ ስልኮች ሁለት ይይዛሉ። የሽያጩ ብር ከአስቤዛው ጋር ካልተቀላቀለ ትርፉ የት እንደገባ ይታወቃል።

ቀጥሎ *127# ደውሉ፣ ቋንቋ ምረጡና ተመዝገቡ። ግራ ከገባችሁ መታወቂያ ይዛችሁ ኢትዮ ቴሌኮም ሱቅ ወይም ወኪል ጋ ሂዱ። የሚስጥር ቁጥሩን ግን በራሳችሁ እጅ አስገቡ። ለወኪሉም፣ ለሚያግዛችሁ የጎረቤት ልጅም አትንገሩ።

ከዚያ ስልክ ቁጥራችሁንና ስማችሁን ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ደንበኛ የሚያየው ቦታ ስቀሉ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፦ ብሩ በእርግጥ መግባቱን ማወቅ። ደንበኛው ስልኩን አዙሮ «ይኸው ልኬያለሁ» ሲል ማየት አይበቃም። ስክሪንሹት ይቀነባበራል፤ የትናንትም ሊሆን ይችላል። መልእክት ከደረሳችሁ ላኪውን እዩ። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው። አጭበርባሪው ያንኑ ጽሑፍ ገልብጦ ከተራ ስልክ ቁጥር ይልካል፤ ገበያ ሲደራ ደግሞ ማን ልብ ይላል? ስለዚህ ከተጠራጠራችሁ በ*127# ገብታችሁ ቀሪ ሂሳባችሁን ተመልከቱ። ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ ቀሪውን ደብተር ላይ ካሰፈራችሁ ማነጻጸሩ ይቀላል። ኔትወርክ ሲጨናነቅ መልእክት ስለሚዘገይ ቋሚ ደንበኛችሁን አታሳፍሩ። የማታውቁትን ሰው ግን «እስኪገባ ትንሽ ይታገሱን» ማለት ነውር የለውም።

«በስህተት ብር ልኬልዎት ነው፣ ይመልሱልኝ» የሚል ስልክም ይደወላል። ቀሪ ሂሳብ ሳታዩ አንድ ብር እንዳትልኩ። «ከቴሌ ነው የምንደውለው» ብሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው፤ ዝጉበት።

ማታ በደብተሩ ላይ ሦስት መስመር ይበቃል፦ በእጅ የገባ፣ በስልክ የገባ፣ በዱቤ የወጣ። (ዱቤ ያለበትን ሰው ማስታወስ ሌላ ሙያ ነው፤ አንዳንዱ ሚስድ ኮል ሲያይ ስልኩን ያጠፋል።) የስልኩን ብር ሁሉ ወደ ጥሬ ገንዘብ ለመቀየር አትቸኩሉ። ስኳርና ከሰል የሚያመጣላችሁ ሰው ቴሌብር ካለው ለእሱ ከዚያው ክፈሉ፤ ለማውጣት የሚቆረጠው ይቀርላችኋል።

ስልኩ ቢጠፋ ብሩ አብሮ አይጠፋም፤ ያለው በሂሳቡ ላይ ነው። ሳትውሉ ሳታድሩ ከሌላ ስልክ 994 ደውላችሁ ሲሙን አዘጉ፣ ከዚያ መታወቂያ ይዛችሁ ምትክ አውጡ።