ካንሰር ስለያዘው ታዳጊ ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል?

አንድ ታዳጊ በጠና ሲታመም የበሽታውን ስም ከሁሉ በኋላ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ራሱ ታማሚው ነው። ሐኪሙ አባትን ለብቻው ጠርቶ ይነግረዋል፤ እናት፣ አጎትና የንስሐ አባት በየተራ ይሰማሉ፤ ልጁ ግን «ጥቂት መርፌ ትወስድና ትድናለህ» ተብሎ ይታለፋል። ለታዳጊ አንባቢዎች ስለ ካንሰር ልብ ወለድ ሊጽፉ ካሰቡ ታሪኩን ከዚህ ዝምታ ቢጀምሩ መልካም ነው። የ15 ዓመት ልጅ የተደበቀውን ነገር ከእናቱ ዐይን ማንበብ ስለማይሳነው፣ በሚያውቀውና እንዲያውቅ በተፈቀደለት መካከል ያለው ልዩነት መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ሊያንቀሳቅስ ይችላል።

በመጀመሪያ ባለታሪክዎ የያዘው የትኛው ካንሰር እንደሆነ ይወስኑ፤ በደፈናው «ካንሰር» ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ሕመሙንም፣ ሕክምናውንም፣ የጊዜውን ርዝመትም በግምት ለመሙላት ይገደዳልና። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ዓይነት ከ2 እስከ 3 ዓመት የሚዘልቅ ሕክምና ይጠይቃል፤ በሕክምናው ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መድኃኒትም የማያባራ ረኀብ ያመጣል፣ ፊትንም ያሳብጣል። ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንገት ላይ በሚወጣና በማያም እብጠት ይጀምራል፤ በጊዜው ከታከመም የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ታሪኩ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ እኔ የምመርጠው ግን ኦስቲዮሳርኮማ የተባለውን የአጥንት ካንሰር ነው፤ ምክንያቱም ልጆች ቁመት በሚጥሉበት ዕድሜ የሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አካባቢ የሚነሣ፣ ስለዚህም በቀላሉ ከኳስ ሜዳ ጉዳት ጋር የሚምታታ በሽታ ነው።

ባለታሪኩ በሰሜን ሸዋ ያለችው የመሐል ሜዳ ከተማ ልጅ ነው እንበል። ኳስ ሲጫወት ይወድቃል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሕመሙ ሌሊት ሌሊት ይብሳል። ቤተሰቡ ወለምታ ነው ብሎ ወደ ወጌሻ ይወስደዋል፤ ወጌሻውም በቅንነት ቅቤ ቀብቶ ያሸዋል፤ እብጠቱ ግን ያድጋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ካንሰሩን ያመጣው መውደቁ አይደለም፤ መውደቁ የነበረውን አስታወሰ እንጂ፤ ስለዚህ የገፈተረውን ጓደኛውን ታሪኩ ጥፋተኛ ሊያደርገው አይገባም፤ ጓደኛው ግን ለወራት ራሱን ሊወቅስ ይችላል፣ ይህም ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል። ወጌሻውንም ክፉ ሰው አያድርጉት፤ ሌሊቱን ሙሉ ልጁን ሲያባብል ያደረ፣ በመጨረሻም «ይህ ከእኔ በላይ ነው፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» የሚል ሰው ከአላዋቂ ክፉ ይልቅ እውነተኛ ነው።

ቀጥሎ የሕክምናውን የቀን መቁጠሪያ በወረቀት ላይ ይሥሩ። ለዚህ በሽታ በአብዛኛው አስቀድሞ ለ10 ሳምንት ያህል ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት፣ ይሰጣል፤ ከዚያ እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ እግሩን ማትረፍ ካልተቻለም ይቆረጣል፤ ከዚያም ኬሞው ለወራት ይቀጥላል። ፀጉር የሚረግፈው ኬሞ ከተጀመረ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሰውነትን ከተላላፊ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ደግሞ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ በጣም ይወርዳል፤ በእነዚያ ቀናት 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት በአስቸኳይ ሐኪም ፊት የሚያቀርብ ጉዳይ ነው። የታሪኩ ውጥረት ከዚህ ይወጣል። ልጁ በሁለት ኬሞ መካከል ወደ መሐል ሜዳ ተመልሶ ሳለ ሌሊት ቢያተኩሰው፣ አባቱ በርኖሱን አልብሶት ተሽከርካሪ ፍለጋ ሲወጣ፣ መንገዱም በጣርማ በር ጉም ውስጥ አልፎ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የሚያደርስ ሲሆን፣ ሰው ሠራሽ ጠላት መፍጠር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉን ትዕይንት በቅርብ ይጻፉ። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው መድኃኒት ቀለሙ ቀይ ነው፤ ሽንትንም ለአንድና ለሁለት ቀን ያቀላል። ሲስፕላቲን የሚባለው ክፉኛ ያስመልሳል፣ ጆሮን ሊያስጮኽ፣ ቀጭን ድምፅ የመስማት ችሎታንም ሊቀንስ ይችላል። እነዚህን ዝርዝሮች እንደ መማሪያ መጽሐፍ አይደርድሯቸው፤ በሰው አንደበት ያሳዩዋቸው። ለምሳሌ፦

«እማዬ፣ ይሄ መድኃኒት ለምን ቀይ ሆነ?»

«ደም እንዲሆንህ ነዋ፣ የኔ ጌታ።»

ልጁ ወደሚቀጥለው አልጋ ዞር አለ። እዚያ ለተኛውም ልጅ ቀይ መድኃኒት ተሰቅሎለታል፤ ቅንድብ ግን የለውም። ልጁ እናቱን ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም።

በዚህ ቦታ ደራሲው «ልጁ እውነቱን ተረዳ» ብሎ ቢጨምር ትዕይንቱን ያበላሸዋል። ማን፣ መቼ፣ በምን ቃል እውነቱን እንደሚነግረው ግን አስቀድመው ይወስኑ፤ ይህ የመጽሐፉ ዋነኛ ትዕይንት ነውና አይቸኩሉበት። ታዳጊው ከተነገረው በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞት ላይሆን ይችላል፤ የ8ኛ ክፍል ፈተና ያመልጠኝ ይሆን፣ ጓደኞቼ ሰምተዋል ወይ፣ ለእኔ ሲባል በሬው ተሽጧል ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የመጨረሻው ጥያቄ በገበሬ ቤት ልጅ ልብ ውስጥ ከባዱ ይመስለኛል።

ጸበልን ሳይነኩ ይህን ታሪክ በዚህ አገር መጻፍ አይቻልም። እናት ልጇን ይዛ ጻድቃኔ ማርያም ልትወርድ ስትፈልግ የኬሞው ቀጠሮ ከሱባዔው ጋር ቢጋጭ፣ ሁለቱም ወገን በቂ ምክንያት ይኑረው፤ እምነቷን ማላገጫ ማድረግም ሆነ ሕክምናውን ከንቱ ማስመሰል አንባቢን መበደል ነው። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል፤ በታሪክዎም ይህን የሚል አንድ ካህን ቢኖር ከእውነታው የራቀ አይሆንም።

ስለ ፍጻሜው ሲያስቡ የዓለም ጤና ድርጅትን አኃዝ ያስታውሱ፦ ሀብታም አገሮች ውስጥ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው፤ በምክንያትነት ከሚጠቀሱትም መካከል ዘግይቶ መመርመርና ሕክምናን ማቋረጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ባለታሪኩ ቢሞት ለሌሎች ትምህርት ለመስጠት ሲባል አይሙት፤ ቢድንም ጎበዝና ታጋሽ በመሆኑ የተሸለመ አይምሰል። እኔ ብጽፈው በአንድ እግሩና በክራንች ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰበትን፣ የሌለው እግሩ ጣት ሲያሳክከው ለማን እንደሚናገር የጠፋበትን ጊዜ በሰፊው እጽፍ ነበር፤ ብዙ ደራሲ የሚዘለው ያንን ነውና።

ረቂቁ ሲያልቅ ካንሰር ሕክምና ክፍል ለምትሠራ ነርስና ሕክምናውን ላለፈ ወጣት፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ ያስነብቡ፤ ከነገሩዎትም ውስጥ የማንንም ማንነት የሚገልጥ ነገር በመጽሐፉ እንዳይገባ ያድርጉ። ነርሷ የመድኃኒት ወይም የቀን ስሕተት ካገኘች ያንን ያርሙ፤ ወጣቱ «እንዲህ አይሰማም» ያለበትን ትዕይንት ግን ከሥሩ እንደ አዲስ ይጻፉት።